ተመልካችና መሰላል፦ ድብልቅ ማርሻል አርትና የሴቶች ቦክስ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ የማነሣው ርእሰ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የማይመጥን ሊመስል ይችላል። ሆኖም አንድ ኅብረተሰብ በትርፍ ጊዜው ማንን እንደሚመለከትና ለማን እንደሚያጨበጭብ መመርመር፣ ያ ኅብረተሰብ ለማን ዋጋ እንደሚሰጥ የመመርመር ያህል ነው።

ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሚኖር አንድ ወጣት ስለ ፍልሚያ ስፖርት ቢጠየቅ ኮነር ማክግሪገርን፣ ከቢብ ኑርማጎሜዶቭን፣ እስራኤል አዴሳንያን ያለ ችግር ይጠራል። «አንዲት ሴት ቦክሰኛ ጥራ» ቢባል ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ይህ ስለ ምን ሆነ? የተለመደው መልስ «ድብልቅ ማርሻል አርት አጓጊ ነው፤ የሴቶች ቦክስ ግን በባሕርዩ ተመልካች አይስብም» የሚል ነው። እኔ ይህን መልስ አልቀበልም። ተወዳጅነት ከስፖርቱ ባሕርይ ብቻ የሚበቅል ሳይሆን በሰዎች ውሳኔ የሚሠራ ነገር መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ፤ ከዚያም ይህ ለእነዚህ ሦስት ከተሞች ልጃገረዶች ምን ትርጉም እንዳለው አመለክታለሁ።

አስቀድሜ ሁለቱን ስፖርቶች በአጭሩ ላስተዋውቅ። ድብልቅ ማርሻል አርት፣ በተለምዶ ኤምኤምኤ የሚባለው፣ ቦክስን፣ ትግልን፣ ጁዶን፣ የታይላንድ ቦክስንና የብራዚል ጁጂትሱን በአንድ ግጥሚያ ያዋሐደ ነው። ስሙን በዓለም ያስጠራው ዩኤፍሲ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ውድድር ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2001 በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2016 ደግሞ በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደገና ተሸጠ። በ15 ዓመታት ውስጥ የታየው ይህ ልዩነት የአንድ ድርጅት ተከታታይ የማስተዋወቅ ሥራ ውጤት ነው።

የሴቶች ቦክስ ታሪክ በአንጻሩ የተዘጉ በሮች ታሪክ ነው። በብሪታንያ ጄን ካውች የተባለች ቦክሰኛ የሙያ ፈቃድ ስለ ተከለከለች ጉዳይዋን ወደ ፍርድ ወስዳ ያሸነፈችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ለክልከላው ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የወር አበባ ሴቶችን ስሜታዊ ያደርጋል የሚል ነበር። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በ2001 ነው። የኦሊምፒክን በር ሴቶች ያለፉት በ2012 በለንደን ሲሆን የተሰጧቸው የክብደት ምድቦችም 3 ብቻ ነበሩ። በቦክስ የምትታወቀው ኩባ እንኳ ለሴቶች የፈቀደችው በ2022 መጨረሻ ነው። እንግዲህ «ለምን ተመልካች አጣ?» ብለን የምንጠይቀው፣ ለመታየት ፈቃድ ካገኘ ብዙም ስላልቆየ ስፖርት መሆኑን ልብ እንበል።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልሻገር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1996 አሜሪካዊቷ ክሪስቲ ማርቲን ከአየርላንዳዊቷ ዴርድሬ ጎጋርቲ ጋር ተጋጠመች። ግጥሚያው ማይክ ታይሰን ከፍራንክ ብሩኖ ጋር የተገናኘበት ምሽት ማሟያ ነበር። ሕዝቡ የመጣው ለታይሰን ነው፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የሁለቱን ሴቶች ፍልሚያ እያወራ ነበር። በሚቀጥለው ወር ማርቲን በታዋቂው የአሜሪካ የስፖርት መጽሔት የፊት ገጽ ላይ ወጣች። ተመልካች እንዳለ በዚያ ምሽት ተረጋግጧል። የቦክስ አዘጋጆች ግን ያን ተመልካች የሚይዝ ተከታታይ ውድድር አላቆሙለትም፤ የሴቶች ግጥሚያ አልፎ አልፎ የሚታይ ማሟያ ሆኖ ቀረ።

ዩኤፍሲም ቢሆን ከመነሻው ለሴቶች ወዳጅ አልነበረም። የኩባንያው መሪ ዳና ኋይት እ.ኤ.አ. በ2011 በጋዜጠኛ ተጠይቆ ሴቶች በዩኤፍሲ መቼም እንደማይጋጠሙ ተናግሮ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሐሳቡን ለወጠ። በየካቲት 2013 ሮንዳ ራውዚና ሊዝ ካርሙሽ የምሽቱ ዋና ግጥሚያ ሆነው ቀረቡ። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የሕጉ እኩልነት ነው። በዩኤፍሲ ለወንድም ለሴትም አንዱ ዙር 5 ደቂቃ ነው፤ ለሻምፒዮንነት የሚደረገው ግጥሚያም ለሁለቱም 5 ዙር ነው። በሙያተኛ ቦክስ ግን የሴቶች ዙር በአብዛኛው 2 ደቂቃ ሲሆን የወንዶች 3 ደቂቃ ነው፤ የሻምፒዮንነት ግጥሚያውም ለሴቶች 10 ዙር፣ ለወንዶች 12 ዙር ነው። ይህም በድምሩ 20 ደቂቃ ከ36 ደቂቃ ጋር ማለት ነው። ጊዜ ያጠረባት ቦክሰኛ ተጋጣሚዋን አድክማ በዝረራ የማሸነፍ ዕድሏ ይጠብባል፤ ከዚያ በኋላ «የሴቶች ቦክስ ዝረራ የለውም» ይባላል። ሕጉ የፈጠረውን ጉድለት የሴቷ ጉድለት አድርጎ ማቅረብ ማለት ይህ ነው።

ይህን ይበልጥ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። ራውዚ በዝናዋ ጣሪያ ላይ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከ56,000 በሚበልጥ ተመልካች ፊት በዝረራ ተሸነፈች። ያሸነፈቻት ሆሊ ሆልም ለዓመታት በሴቶች ቦክስ የዓለም ሻምፒዮን የነበረች ናት። በቦክስ ሳለች ስሟን የሚያውቀው የስፖርቱ ተከታታይ ብቻ ነበር፤ ወደ ባለ ስምንት ማዕዘኑ አጥር ስትገባ ግን ዓለም ዐወቃት። ሴትዮዋ ያችው ናት፤ የተለወጠው መድረኩ ነው። ራሷ ራውዚም ብትሆን በ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ በጁዶ የነሐስ ሜዳልያ ያገኘች ናት። ኤምኤምኤ ኮከቦቹን የሚያጭደው ጁዶ፣ ትግልና ቦክስ ከዘሩት ማሳ ነው ማለት ነው።

ቦክስም መድረኩን በሰጠ ጊዜ ተመልካች አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኬቲ ቴይለርና አማንዳ ሴራኖ የኒው ዮርኩን ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ በዋና ግጥሚያነት ሞሉት። በኅዳር 2024 በኔትፍሊክስ በድጋሚ ሲገናኙ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ተመለከታቸው። የዚያ ምሽት የመዝጊያ ግጥሚያ የማን እንደ ነበር ታስታውሱ ይሆናል፤ አሁንም የማይክ ታይሰን ነው። ከ28 ዓመት በኋላም ሴቶቹ ሰፊውን ተመልካች ያገኙት በዚያው ሰው ምሽት ላይ መሆኑ የቦክስ አዘጋጆች ምን ያህል ጊዜ እንዳባከኑ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ወደ ሰበታና ወደ ቡራዩ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? የእንግሊዝ እግር ኳስ በእኛ ሰዓት ከቀትር በኋላና ማታ ስለሚካሄድ በካፌና በቪዲዮ ቤት በጋራ ይታያል። በላስ ቬጋስ ቅዳሜ ማታ የሚደረግ ፍልሚያ ግን በእኛ ሰዓት የሚውለው እሑድ ንጋት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ከፊሉ ሰው ተኝቷል፤ ከፊሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሱሉልታ ሯጮችም ጎዳና ላይ ናቸው። ስለዚህ ኤምኤምኤ ወደ እኛ የሚመጣው እንደ ሙሉ ግጥሚያ ሳይሆን በስልክ በሚታይ አጭር ቪዲዮ ነው። አጭር ቪዲዮ ደግሞ የሚመርጠው አንድ የእግር ምት፣ አንድ ማነቅ፣ አንድ ዝረራ ነው። በነጥብ የሚጠናቀቅ የአማተር ቦክስ በ20 ሰከንድ ተቆርጦ አይነገርም። ለቀደመው ትውልድ የቪዲዮ ቤት የኩንግ ፉ ፊልም የሠራውን ሥራ ለዛሬው ወጣት የሚሠራው ቲክቶክ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ንግግሬ ርእስ እደርሳለሁ። በእነዚህ ከተሞች ኤምኤምኤ ተመልካች አለው፤ የሴቶች ቦክስ ደግሞ መሰላል አለው። ኤምኤምኤ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም፤ የቡራዩ ወጣት በስልኩ የሚያየው የላስ ቬጋስ አዳራሽ ከሰፈሩ የሚነሣ የታወቀ መንገድ የለውም። ቦክስ ግን በአገራችን ባለቤት ያለው ስፖርት ነው። ብሔራዊ ፌዴሬሽን አለው፤ የፖሊስ፣ የመከላከያና የማረሚያ ቤቶች ክለቦች ለረጅም ዘመን ቦክሰኞችን ሲያፈሩ ኖረዋል፤ ኢትዮጵያውያን ቦክሰኞች በ1960ዎቹ ኦሊምፒኮች ተሰልፈዋል፤ ዛሬም ሴቶች በአገር አቀፍ ውድድሮች ይጋጠማሉ። ይሁን እንጂ የሴቶች ቦክስ ከገባበት ከለንደን 2012 እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ በኦሊምፒክ የተሰለፈች አንዲት ኢትዮጵያዊት ቦክሰኛ የለችም። ጎረቤታችን ኬንያ ግን በለንደን ኤልዛቤት አንዲዬጎን አሰልፋለች፤ ክሪስቲን ኦንጋሬም በ2018 የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ነሐስ አግኝታ በኋላ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በቅታለች። መሰላሉ ከእኛ ዘንድም አለ፤ የጎደሉት የላይኞቹ መርገጫዎች ናቸው።

«ባህላችን ሴት ስትማታ ማየት አይፈቅድም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን። ጉግሱም፣ ትግሉም፣ የዱላው ግጥሚያም የወንድ ሲባል ኖሯል። ነገር ግን መልሱን የምናገኘው እዚያው ሱሉልታ ላይ ነው። ዛሬ በዚያ ከ2,700 ሜትር ከፍታ ባልራቀ ሜዳ ላይ በማለዳ የምትሮጥን ልጃገረድ ማንም በግርምት አያያትም፤ ወላጆቿም ሩጫዋን እንደ ሥራ ይቆጥሩታል። ይህ ከጥንት የነበረ አመለካከት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ካጠለቀች፣ ከዚያም እነ ፋጡማ ሮባና እነ ጥሩነሽ ዲባባ ከተከተሉ በኋላ የጸና ነው። ከሜዳልያው በስተጀርባ ደግሞ ለሴቶች ደመወዝ የሚከፍሉ ክለቦች ነበሩ። ባህል የተለወጠው በስብከት ሳይሆን በደመወዝና በውጤት ነው።

እንግዲህ ልጃገረዷን የሚያስቀራት ባህል ብቻ አይደለም፤ መንገድና ጊዜም ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መውጫዎች ላይ ያሉ ናቸው። ልምምድ ፍለጋ መሀል አዲስ አበባ የምትወርድ የሰበታ ልጅ ለሁለት አቅጣጫ የታክሲ ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ ስትመለስም ይመሽባታል። በፋብሪካ ወይም በአበባ እርሻ የምትሠራ ከሆነች ፈረቃዋ ከልምምዱ ሰዓት ጋር ይጋጫል። ወንድሟ ከሥራ መልስ ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ እርሷን የቤት ሥራ ይጠብቃታል። ለመመልከት ትርፍ ጊዜ ያለው ማን እንደ ሆነ ካልጠየቅን የተመልካቹን ምርጫ አንረዳውም።

ሌላው ብርቱ ተቃውሞ የጤና ነው። ጭንቅላትን መመታት አደጋ አለው፤ ይህን የሚያስተባብል ሐኪም የለም፤ እኔም አላስተባብልም። ነገር ግን ንጽጽሩን በትክክል እናድርገው። በአማተር ቦክስ ዋነኞቹ የወንዶች ምድቦች የራስ መከላከያውን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያወልቁ ሴቶች እንደ ለበሱ ቀርተዋል፤ ግጥሚያቸውም 3 ዙር ብቻ ነው፤ ዳኛና ሐኪም የማስቆም ሥልጣን አላቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ወጣቱ በስልክ ያየውን ማነቅና መጣል ያለ አሠልጣኝና ያለ ሐኪም በየሰፈሩ ሲሞክረው ነው። ምርጫው በፍልሚያና በሰላም መካከል አይደለም፤ ሥርዓት ባለውና ሥርዓት በሌለው ፍልሚያ መካከል ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በከተሞቹ የሚዘጋጅ ማናቸውም የቦክስ ውድድር የሴቶችን ግጥሚያ አዳራሹ ባዶ ሳለ በማለዳ ሳይሆን ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሰዓት፣ ከወንዶቹ እኩል ዙር ያቅርብ። ሁለተኛ፣ ልምምዱ በትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ ብርሃን ሳለ፣ በልጆቹ ሰፈር ይሰጥ፤ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎቻችን የተግባር ልምምዳቸውን በዚያ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ የጋዜጠኝነትና የፊልም ተማሪዎቻችን እነዚህን ግጥሚያዎች በአጭር ቪዲዮ ይቅረጹ። የሰበታ ወጣት በስልኩ የሮንዳ ራውዚን ፍልሚያ ካየ፣ የጎረቤቱን ልጅ ፍልሚያ የማያይበት ምክንያት የለም፤ አሁን የማያየው የቀረጸለት ስለሌለ ነው።

የመሰላሉን ደካማነት ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ሐቀኛ አልሆንም። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2023 ለቀድሞው ዓለም አቀፍ የቦክስ ማኅበር ይሰጥ የነበረውን ዕውቅና በአስተዳደር ጉድለት ምክንያት አንሥቶ ነበር፤ ቦክስ ከኦሊምፒክ ሊወጣ ተቃርቦ በ2025 ነው በአዲስ ማኅበር ሥር መመለሱ የተረጋገጠው። በ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችና ወንዶች እኩል 7 የክብደት ምድቦች ይኖሯቸዋል። ከ3 ተነሥቶ 7 ለመድረስ 16 ዓመት ፈጅቷል። እነዚያ 7 ቦታዎች ለእኛም ልጆች ክፍት ናቸው፤ ዛሬ በቡራዩ 9ኛ ክፍል የምትማር ልጅ ለ2032ቱ ውድድር ዕድሜዋ ይደርሳል። ጓንት የምታጠልቅበት ክፍል በሰፈሯ ይኑር አይኑር የሚወስነው ግን የእርሷ ፍላጎት ብቻ አይደለም፤ ከዚህ አዳራሽ የምንወጣ ሰዎችም በዚያ ውሳኔ ውስጥ ድርሻ አለን።