ዝቃጭ ሲጠነፈፍ የሚነሣው ሽታና የመሣሪያ ምርጫችን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከምሳ ሰዓት በፊት ባይቀርብ ይመረጥ የነበረ ነው። ሆኖም መርሐ ግብሩን ያወጡት ወንድሞች ይህን ያላሰቡበት ስለሆነ ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ እቀጥላለሁ። በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ስለ ሥራችን በቀጥታ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሽታው ነው። ወደ ወንዝ የምንለቀው ውኃ ምን ያህል እንደ ጠራ የሚለካ ጎረቤት የለም፤ ነፋሱ ወደ ቤቱ ሲዞር ግን እያንዳንዱ መርማሪ ይሆናል። ከጣቢያው ክፍሎች መካከልም ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ አቤቱታ የሚያስነሣው ዝቃጭ የሚጠነፈፍበት ክፍል ነው።

ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ሲሆን፣ ይኸውም ሽታን ከተነሣ በኋላ በአየር ማውጫው አፍ ላይ ከማሳደድ ይልቅ ዝቃጩ መሣሪያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሰዓቶችና በራሱ በመሣሪያው ውስጥ መግታት እንደሚሻል፣ ይህም የሚወሰነው ጣቢያው ሥራ ሲጀምር ሳይሆን እኛ የጨረታ ሰነድ በምንጽፍበት ጊዜ መሆኑ ነው።

እንደሚታወቀው ዝቃጭ በገንዳዎች ሥር የሚረጋው ጠጣርና ፍሳሹን እየተመገቡ የተራቡት ረቂቅ ሕዋሳት ክምችት ነው። ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ የሚበልጠው ውኃ ስለሆነ፣ ሳይጠነፈፍ በአካፋ አይዛቅም፤ በመኪናም አይጫንም። ኦክስጅን ባለቀበት ዝቃጭ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ሰልፌትን ሲጠቀሙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጠራል። የገማ ዕንቁላል የሚሸተው ጋዝ ይህ ነው። ጋዙ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ እስካለ ድረስ ማንንም አያስቸግርም፤ ውኃው ሲናወጥ፣ ከከፍታ ሲወድቅና ሲጨመቅ ግን ያመልጣል። የፒ.ኤች. መጠኑ 7 በሆነ ውኃ ውስጥ ካለው ሰልፋይድ ግማሽ ያህሉ ለማምለጥ በተዘጋጀ የጋዝ መልክ ይገኛል፤ መጠኑ 8 ሲሆን ይህ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። እንግዲህ ከመጭመቂያው የሚወጣው ውኃ ወደ ቦዩ እንደ ፏፏቴ እንዲወርድ አድርጎ የነደፈ መሐንዲስ ሳያውቀው የሽታ ፋብሪካ ነድፏል። የቧንቧውን ጫፍ ከውኃው ወለል በታች ማድረግ የሚያስወጣው ገንዘብ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የጊዜ ጉዳይ ነው። በብዙ ጣቢያዎች መጭመቂያው የሚሠራው በሥራ ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ዓርብ ማታ የተሰበሰበው ዝቃጭ ሰኞ ጠዋት ድረስ በማቆያ ገንዳ ውስጥ ይከርማል። የመጀመሪያው ገንዳ ዝቃጭ ከሁለተኛው ጋር ተደባልቆ ከቆየ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ አንደኛው ምግቡን ያቀርባል፣ ሌላው የተራቡትን ባክቴሪያዎች ያመጣል። ሁለቱን ለየብቻ ማቆየት፣ መጭመቂያው አጠገብ ሲደርሱ ብቻ ማደባለቅና በማቆያው ከአንድ ቀን በላይ አለማሳደር የሥራ ፈረቃ ማስተካከልን እንጂ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። ፌሪክ ክሎራይድ ቢጨመር ብረቱ ሰልፋይዱን ይዞ ጥቁር ደለል ያደርገዋል። ይህ የታወቀና የሚረዳ ዘዴ ነው። ሆኖም ከካርቦን ጋር የተያያዙትን፣ የበሰበሰ ጎመን የሚሸቱትን የድኝ ውሕዶች እምብዛም ስለማይዝ፣ ሦስት ቀን የከረመን ዝቃጭ በብረት እናድነዋለን ማለት ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ። በገበያ ላይ በብዛት የሚቀርቡት ዝቃጩን በሁለት የሸራ ቀበቶዎች መካከል የሚጨምቀው ቤልት ፕሬስና በኃይል የሚያሽከረክረው ሴንትሪፊዩጅ ናቸው። ሴንትሪፊዩጁ ከመሬት ስበት በሁለትና በሦስት ሺህ እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ስለሚሠራ የሚያወጣው ጭቃ ብዙውን ጊዜ የደረቀ ነው፤ ቦታ አያባክንም፤ ዙሪያውን ዝግ በመሆኑም በአዳራሹ ውስጥ ያለው ሽታ ያነሰ ነው። የሽያጭ ሰዎች ይህን ሲናገሩ እውነታቸውን ነው። የሚቀረው ግን ጭቃው ከጣቢያው ከወጣ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት በሰሜን አሜሪካ በተካሄዱ ጥናቶች፣ አንዱን ዝቃጭ በሁለቱም መሣሪያዎች አጠንፍፈው ጭቃውን በተዘጋ ጠርሙስ በማስቀመጥ በየቀኑ ጋዙን ሲለኩ፣ ከሴንትሪፊዩጁ የወጣው ጭቃ ከቤልት ፕሬሱ እጅግ የበለጠ ሽታ ሲያወጣ ተገኝቷል። ሽታውም የሚያይለው በዕለቱ ሳይሆን ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ የማሽከርከሩ ኃይል የሕዋሳቱን ስብስብ ቀጥቅጦ ፕሮቲኑን ያስለቅቃል። ባክቴሪያዎችም በፕሮቲኑ ውስጥ ያሉትን ድኝ ያለባቸውን አሚኖ አሲዶች ሚቴንታዮል ወደሚባለው የበሰበሰ ጎመን ሽታ ይለውጣሉ። ይህን ጋዝ በልተው ማጥፋት የሚችሉት ሚቴን ሠሪ ሕዋሳት ደግሞ በዚያው ድብደባ ስለተጎዱ እስኪያገግሙ ድረስ ሜዳው ለሽታው ይለቀቃል። በመሆኑም ጣቢያው ውስጥ ያልሸተተው ጭቃ ከሳምንት በኋላ በገበሬው ማሳ ላይ ይሸታል። ገበሬውም በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያችንን አልፈልግም ይላል።

በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው የብሉ ፕሌንስ ጣቢያ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ፍሳሽ የሚያጣራ፣ የአገራችን ልጆችም በብዛት የሚኖሩበትን አካባቢ የሚያገለግል ትልቅ ጣቢያ ነው። ይህ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ዝቃጩን በሴንትሪፊዩጅ ካጠነፈፈ በኋላ በኖራ እያዳፈነ ወደ እርሻ ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራው ተለወጠ። ዝቃጩ መጀመሪያ በግፊት እንፋሎት ከ150 ዲግሪ በላይ ተቀቅሎ፣ ከዚያም አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ሚቴን እየሰጠ እንዲብላላ ተደረገ። ከመቀቀያው በፊት ያለው ማጠንፈፊያ ሴንትሪፊዩጅ ሲሆን፣ የመጨረሻው ማጠንፈፊያ ግን ቤልት ፕሬስ ነው። የሚጓጓዘው ጭቃ በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ የሚወጣው ምርትም ብሉም በሚል ስም ለአትክልተኞች እስከመሸጥ ደርሷል። ለዚህ የወጣው 470 ሚሊዮን ዶላር ያህል ስለሆነ፣ እንዳለ ቀድተን እንምጣ የሚል ሰው ካለ ከእርሱ ጋር አልስማማም። የምንወስደው የቅደም ተከተሉን አስተሳሰብ ነው፤ ማሽከርከሪያው ከመብላላቱ በፊት፣ ለስለስ ያለው መጭመቂያ ከመብላላቱ በኋላ መቀመጡን።

ኖራን በተመለከተ ጥቂት ልበል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ደንብ መሠረት በኖራ የሚታከም ጭቃ ፒ.ኤች.ው 12 ደርሶ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም 11.5 ላይ ሌላ ሃያ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። በዚህ መጠን ሰልፋይዱ ይታሰራል። ነገር ግን አሞኒያው ይለቀቃል፤ ለማጠንፈፊያ ከተጨመረው ፖሊመርም የዓሣ ሽታ ያለው ትራይሜቲል አሚን ይወጣል። ኖራው በደንብ ሳይደባለቅ ነጫጭ እንክብል ሆኖ ከቀረ ደግሞ ፒ.ኤች.ው በቀናት ውስጥ ወርዶ መበስበሱ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ በኖራ ሥራ ከኖራው ብዛት ይልቅ የማደባለቂያው ጥራት ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚያመልጥ ጋዝ አይጠፋም። እርሱን አዳራሹን ሙሉ በማናፈስ ሳይሆን መሣሪያውንና የጭቃ ማመላለሻውን ብቻ በክዳን ሸፍኖ መሳብ ይገባል። የተሳበውን አየር በኮስቲክ ሶዳና በሃይፖክሎራይት ማማ ማጠብ ይቻላል፤ ኬሚካሉ ግን የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። የእንጨት ፍቅፋቂና ኮምፖስት ያለበት ባዮፊልተር አየሩ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ከቆየበትና ዘወትር ርጥብ ከሆነ ሰልፋይዱን በሚገባ ይበላል፤ ዕቃውም ከአገር ውስጥ ይገኛል። እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በከተማችን ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ከካታሎግ የተመረጠ ቬንትሌተር የሚሰጠው ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። በጥቃቅን ቀዳዳ የሚያልፍ ዝግተኛ አየር የሚገጥመው መቋቋም ግን ከአየሩ ክብደት ይልቅ ከአየሩ ውፍረት የሚመጣ በመሆኑ አብሮ አይቀንስም። ይህን ያልቆጠረ ስሌት አየሩን በማጣሪያው ፈንታ በክዳኑ ስንጥቅ ያወጣዋል።

የሠራተኛውን ሕይወት በአንቀጽ ማለፍ የማይገባ ቢሆንም ሰዓቴ አጭር ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር የከበደ ነው፤ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን አንድ መቶ እጅ አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ ሲበልጥ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። «ሽታው ጠፍቷል» ብሎ ወደ ማቆያ ገንዳ የሚወርድ ሠራተኛ ወደ ሞት ሊወርድ ይችላል። በኪስ የሚያዝ የጋዝ መለኪያ ሳይያዝ ወደዚያ መግባት መከልከል አለበት።

በአገራችን የቃሊቲና የኮተቤ ጣቢያዎች ለረጅም ዓመታት ዝቃጭን በፀሐይ ማድረቂያ መደብ ሲያደርቁ ኖረዋል። በሚገባ የተብላላ ዝቃጭ በስሱ ከተዘረጋ ይህ ዘዴ እምብዛም አይሸትም፤ የሚፈትነው ክረምቱ ነው። አሁን ግን በኮንዶሚኒየም መንደሮች መካከል አነስተኛ ማጣሪያ ጣቢያዎች ስለተተከሉና ለመደብ የሚሆን መሬት ስለጠበበ፣ ወደ መካኒካል ማጠንፈፊያ መሄዳችን የሚቀር አይመስለኝም። በጨረታ ግምገማ ጊዜ በዋጋና በጭቃው ድርቀት ብቻ ነጥብ ከሰጠን ሴንትሪፊዩጁ ዘወትር ያሸንፋል።

ስለሆነም የማቀርበው ሐሳብ በቴክኒክ ዝርዝሩ ላይ ሁለት መስመር እንዲጨመር ነው። አቅራቢው የሙከራ መሣሪያውን አምጥቶ በራሳችን ዝቃጭ ላይ ያሠራል። ከእያንዳንዱ መሣሪያ የወጣውም ጭቃ በተዘጋ ጠርሙስ ሆኖ ለሦስት ሳምንት ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ የሰልፋይዱና የሚቴንታዮሉ መጠን በየሁለት ቀኑ በመርማሪ ቱቦ ተለክቶ ከፍተኛው ቁጥር ከዋጋው ጎን በግምገማ ሠንጠረዡ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱንና ቱቦውን የምንገዛው እኛ ነን፤ ለካው የሚባለውም የአቅራቢው ሳይሆን የጣቢያው ኬሚስት ይሁን።