ታሪክ የሚቆረጥበት ሥፍራ፤ አንድ ደራሲ በዚህ ዘመን ስለሚያነበውና በቴሌቪዥን ስለሚመለከተው የተሰጠ ዲስኩር



የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች ልብ ወለድ ደራሲ በዚህ ዘመን ምን እንደሚያነብና በቴሌቪዥን ምን እንደሚመለከት እንድናገር ጋብዘውኛል።

ከማታው ልጀምር። በቤታችን ራት ተበልቶ ገበታው ከተነሣ በኋላ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ይከፈታል፤ እኔም ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጬ እስከ ፍጻሜው እመለከታለሁ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን ከጀመረ ወዲህ ይህ ልማድ በብዙ ቤት የታወቀ ሆኗል። ለደራሲ የማይገባ የጊዜ ማባከኛ ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ እኔ ግን የሰው ልጅ በአንድ ታሪክ ተይዞ ነገን በናፍቆት የሚጠብቅበትን ሥፍራ ሁሉ መመርመር የሙያዬ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

በእነዚህ ድራማዎች ላይ ለብዙ ጊዜ ያልገባኝ ነገር ነበር። አንዳንድ ቀን አንዲት ሴት በር ከፍታ የመጣውን እንግዳ ፊት ሳታይ ክፍሉ በድንገት ያልቃል፤ በሌላ ቀን ደግሞ ተሰውሮ የኖረው ምሥጢር ከተገለጠና የሁላችንም ልብ ከተሰቀለ በኋላ፣ እዚያ ላይ ይቆማል ስንል ታሪኩ ዝግ ብሎ ይቀጥልና ሰዎቹ ሻይ እየጠጡ ሳለ ይቋረጣል። ምክንያቱን ስከታተል ያገኘሁት ይህ ነው፦ ድራማው በተሠራበት አገር በሳምንት አንድ ጊዜ ይታያል፤ አንዱም ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ወደ ውጭ አገር ሲሸጥ ግን ለጣቢያዎች የጊዜ ሰሌዳ እንዲስማማ እያንዳንዱ ወደ 45 ደቂቃ ግድም ይቆራረጣል። ስለዚህ እኛ ትንፋሻችንን ይዘን የምንቀርበት ሥፍራ ደራሲው እንድንቀርበት ያሰበው ሥፍራ አይደለም ማለት ነው። ድምፁን በአማርኛ ያሰሙን ባለሙያዎች የሚደነቅ ሥራ ቢሠሩም፣ ታሪኩ እኛ ዘንድ የሚደርሰው መገጣጠሚያው ተናግቶ ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ንባቤ ሁሉ ወደዚሁ ጥያቄ አዘነበለ። የእንግሊዙ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. ከ1836 ጀምሮ ልብ ወለዶቹን በየወሩ፣ አንዳንዶቹንም በየሳምንቱ እየከፋፈለ ያሳትም ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ ክፍል የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው እርሱ ራሱ ነበረ፤ የመቁረጫውን ሥፍራ አስቀድሞ አስቦ ወደዚያ እየጻፈ ይሄድ ነበር። ይህንን ስናገር ግን ተከታታይ ታሪክ ከፈረንጅ አገር የመጣልን አዲስ ነገር አድርጋችሁ እንዳታስቡት እለምናለሁ፤ አያቶቻችን የቅዱሳንን ዜና በየዕለቱ የሚተርከውን መጽሐፍ፣ ስንክሳርን፣ ከመስከረም ርእሰ ዐውደ ዓመት እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ቀን በቀን ሲሰሙ የኖሩ ናቸው።

በዚህ ወራት ጠዋት ጠዋት የማነበው ስንክሳርን ነው። እባካችሁ በልብ ወለድ ጸሐፊ ዓይን አንድ ጊዜ አንብቡት። የዕለቱ ቅዱስ ትውልዱ፣ ተጋድሎው፣ ዕረፍቱ ከተነገረ በኋላ ብዙውን ጊዜ «ሰላም» ብሎ በሚጀምር አጭር ቅኔያዊ ድርሰት ይዘጋል። ሰሚው ምንም ሳይጎድልበት፣ ሰማዕቱ በሰይፍ ፊት ቆሞ ሳይተውበት፣ በሰላምታ ይሰናበታል፤ ነገም ተመልሶ ይመጣል፤ የሚመልሰውም ያልተፈታ ምሥጢር ሳይሆን የዘመኑ አቈጣጠርና የመንፈሱ ረሃብ ነው። ሰውን ሳያንጠለጥሉ መመለስ ከማንጠልጠል የበለጠ ጥበብ እንደሚጠይቅ ከዚህ መጽሐፍ ተምሬአለሁ፤ አሁን የምጽፈውንም ልብ ወለድ ምዕራፎች በዚሁ መንገድ ለመዝጋት እየደከምሁ ነው።

ከሁለቱ መንገዶች መካከል የቆመ አንድ ሰው አለ፤ ስለ እርሱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህ ታላቅ ተዋናይ በሬድዮ ሲተርከው የሰማ ሰው፣ መጽሐፉን በኋላ ሲያነብ የጉዱ ካሳን ንግግር በወጋየሁ ድምፅ ካልሆነ በስተቀር ሊሰማው አይችልም። በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ሬድዮ ያለው ቤት ጥቂት ስለ ነበረ የትረካው ሰዓት ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ከተሰብሳቢዎቹ አንዲት ፊደል ያልቈጠሩ እናት ነበሩ። ሰዓቱ ሞልቶ ትረካው ሲቋረጥ ሌላው ነጠላውን አጣፍቶ ይነሣል፤ እርሳቸው ግን «ቆዩ፣ የት ትሄዳላችሁ!» ብለው ሰዉን ያስቀምጡና በዛብህና ሰብለ ወንጌል ቀጥሎ ምን እንደሚነጋገሩ፣ ፊታውራሪ መሸሻም ምን ብለው እንደሚቈጡ ራሳቸው ይተርካሉ። በማግስቱ የሬድዮው ታሪክ ከእርሳቸው ታሪክ ጋር ሳይገጥም ሲቀር «ይኸ እንኳ ልክ አይደለም፤ ልጅቱ እንዲህ አትልም» ብለው ደራሲውን ይሞግቱ ነበር። ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ብዙ የሊቃውንት ድርሳን አንብቤአለሁ፤ የሰብለ ወንጌልን ጠባይ እንደ እርሳቸው ጠንቅቆ ያወቀ ሐያሲ ግን አላጋጠመኝም። ትረካውም የሚቆመው የአየር ሰዓቱ ሲያልቅ እንጂ ምዕራፉ ሲዘጋ አልነበረም፤ ወጋየሁ ግን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቃላቱን አራርቆ ሲያነባት፣ ሰዓቱ የቈረጠው ቦታ ሁሉ ደራሲው ራሱ የመረጠው ይመስል ነበር።

የተሰጠኝ ጊዜ እያለቀ መሆኑን ሰብሳቢው አመልክተውኛል፤ ስለዚህ ርእሱ የጠየቀኝን በአጭሩ ልመልስ። በጠረጴዛዬ ላይ ዛሬ ያሉት የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ና የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ናቸው፤ ሁለቱንም እንደገና እያነበብሁ ነው። ከወጣት ደራስያን የሚደርሱኝን አዳዲስ መጻሕፍት ከሰዓት በኋላ አነባለሁ። ዜና የምሰማው በሬድዮ ነው። ረቂቅ በምጽፍበት ወራትም ድራማውን አላቋርጥም።

በመጨረሻም በዚህ አዳራሽ ለተገኛችሁ የሬድዮና የቴሌቪዥን ባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ በሙያችሁ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ታሪክ የሚቆረጥበት ሥፍራ ጉዳይ ግን ገና ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። መጽሐፍ ስታስተርኩ፣ ድራማም ስትከፋፍሉ፣ ደራሲው በሕይወት ካለ አስጠሩትና እያንዳንዱ ክፍል የት ላይ እንዲቆም ጠይቁት፤ ካለፈም መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ሰዓቱንም አምስት ደቂቃ ጨምሩለት ወይም ቀንሱለት።