ከሌንሱ በፊት ርቀቱ፦ ለፖርትሬትና ለፋሽን ፎቶግራፍ ስለሚሆን ቴሌፎቶ ሌንስ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በየዓመቱ ከተማሪዎች የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ለሰው ፎቶግራፍ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፦ «የምታነሣበት ክፍል ርዝመቱ ስንት ሜትር ነው?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ግር ይለዋል።

«ቴሌፎቶ ፊትን ያሳምራል» የሚለው አባባል በሙያችን ሥር ሰድዷል። ይሁን እንጂ በምስሉ ላይ የፊትን ቅርጽ የሚወስነው ሌንሱ ሳይሆን በካሜራውና በሰውየው መካከል ያለው ርቀት ነው። የአፍንጫ ጫፍ ከጆሮ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይወጣል እንበል። ካሜራው ከአፍንጫው በ50 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆም ጆሮው በ62 ላይ ይሆናል፤ ስለዚህ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር 24 በመቶ ገዝፎ ይታያል። በ2 ሜትር ላይ ግን ልዩነቱ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። እጃችንን ዘርግተን በስልክ ራሳችንን ስናነሣ አፍንጫችን የሚገዝፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ከ2 ሜትር ላይ በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ አንሥታችሁ መካከሉን ቆርጣችሁ ብታወጡት፣ የፊቱ ቅርጽ ከዚያው ቦታ በ85 ከተነሣው አይለይም፤ የምታጡት የምስሉን ጥራትና የጀርባውን ልስላሴ ነው።

ቴሌፎቶ የሚሰጠን እንግዲህ ርቆ ቆሞ ምስሉን በፊት የመሙላት ዕድል ነው። በሙሉ ፍሬም ካሜራ ራስንና ትከሻን፣ ማለትም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ለመያዝ፣ ካሜራውን በቁሙ አዙረን በ85 ሚሊ ሜትር 1.5 ሜትር፣ በ135 2.4 ሜትር፣ በ200 ደግሞ 3.5 ሜትር መራቅ ይኖርብናል። እኔ ለፖርትሬት ከ85 እስከ 105 ያለውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ የብርሃን ሳይንስ ብቻ አይደለም። በ1.5 ወይም በ2 ሜትር ላይ «አይዞሽ፣ ትከሻሽን ልቀቂው» የሚለው ቃል በዝግታ ይነገራል፤ ከዚያ በራቅን መጠን ድምፃችን ከፍ ይላል፣ ቃሉም ትእዛዝ ይመስላል። ስቲቭ ማከሪ በ1984 ፔሻዋር አቅራቢያ በነበረ የስደተኞች መጠለያ ያነሣት አፍጋናዊት ልጅ ምስል የተገኘው በኒኮን 105 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ከምስሉ አያያዝ እንደምንገምተው በመካከላቸው የነበረው ርቀት ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ልጅቷም በቀጥታ ታየዋለች። የዚያ ምስል ሥነ ምግባር ዛሬም ያከራክራል፤ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል።

ፋሽን ስሌቱን ይለውጠዋል፤ ልብሱ ሙሉ ቁመት ይፈልጋልና። ከራስ በላይና ከእግር በታች ጥቂት ቦታ ትተን 2 ሜትር ቁመት ለመያዝ በ85 ሚሊ ሜትር 4.8፣ በ135 7.6፣ በ200 11.3 ሜትር ያስፈልጋል። ከመኖሪያ ቤት ክፍል ወደ ስቱዲዮነት የተለወጠ 5 ሜትር ቦታ ያለው ሰው፣ ለጀርባ መጋረጃውና ለራሱ መቆሚያ ሲቀንስለት፣ 135ን ውጭ ካልወጣ በቀር ለሙሉ ቁመት አይጠቀምበትም። በክፍሉ ውስጥ የሚያዋጣው 2.8 ሜትር የሚበቃው 50 ነው። በሌላ በኩል ቅርብ ቆሞ፣ ከዓይን ቁመት ላይ ካሜራውን ወደ ታች አዘንብሎ የሀበሻ ቀሚስ የሚያነሣ ሰው የባለቤቷን እግር ያሳጥራል፤ የሸማኔው ድካም ያረፈበት የግርጌው ጥለትም አንሶ ይታያል። መድኃኒቱ መራቅና ካሜራውን እስከ ወገብ ቁመት ዝቅ ማድረግ ነው።

ስለ አፐርቸር ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይወጣል። በ85 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 1.8፣ በ2 ሜትር ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ፊቷን ትንሽ ዞር ያደረገች ሴት አንደኛው ዓይኗ ሊደበዝዝ ይችላል። ጥልፍና ጥለት እንዲታይ የሚፈልግ ዲዛይነር ኤፍ 5.6 ይበጀዋል፤ በ4.8 ሜትር ላይ ጥልቀቱ 1 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ለኤፍ 1.2 የሚከፈለውን ትርፍ ዋጋ ለልብስ ሥራ አልመክርም።

የፋሽን ትርዒት መድረክ ግን የተለየ ነው። እዚያ መቆሚያችንን የሚወስኑልን ሌሎች ናቸው፤ ብርሃኑ ያንሳል፣ ሞዴሏም ትራመዳለች። ከ70 እስከ 200 የሚደርስ ዙም፣ በኤፍ 2.8፣ ሸተሩም ወደ 1/500 ሴኮንድ ሲጠጋ ተገቢ ነው። የሌንሱ ማረጋጊያ የእጃችንን መንቀጥቀጥ እንጂ የእርሷን እርምጃ አያቆምም። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚያስፈልግ እንዲህ ያለ ከባድና ውድ ዕቃ መከራየት ይሻላል።

አነስተኛ ዳሳሽ ያለው ካሜራ የያዛችሁ፣ አብዛኞቻችሁም እንደዚያ ናችሁ፣ ቁጥሩን በ1.5 አባዙ፤ በካኖን በ1.6። ርካሹ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 በእናንተ እጅ የ75 ወይም የ80 ያህል የእይታ ስፋት ይሰጣል፤ ለፖርትሬት ይበቃል። ከካሜራው ጋር የመጣው ከ18 እስከ 55 ያለው ዙም ካላችሁም ከመግዛታችሁ በፊት ቀለበቱን 50 ላይ በፕላስተር አስራችሁ አንድ ሳምንት ሥሩበት። ጀርባችሁ ግድግዳ እየነካ ካስቸገራችሁ ከዚያ የሚረዝም ሌንስ ለዚያ ክፍል አትግዙ።

የክፍል መለኪያ ሜትር ይዤ መጥቻለሁ፤ ርቀቶቹን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ለክተን እያየን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።