የዕድራችን ዶሮዎችና የእንስሳት አያያዛችን ነገር
(በዕድሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ፣ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት የተደረገ ንግግር)



እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ የምናገረው እንደ እንስሳት ሐኪም ሳይሆን፣ ያየውን በደብተር ጽፎ መምጣት እንደለመደ ሰው ነው። ከመካከላችን በግብርና ሥራ የቆዩ ስላሉ ስሳሳት ያርሙኛል።

ጉዳዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከድንኳኑና ከወንበሩ መጋዘን በስተጀርባ ባለው ባዶ ቦታችን ላይ አርባ ካሬ ሜትር ቤት ተሠርቶ፣ 600 እንቁላል ጣይ ዶሮ በሽቦ ሣጥን ይርባ፤ በትርፉም ለሐዘንተኛ የምንሰጠው ገንዘብ ከፍ ይበል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ መልካም ነው። የምንሰጠው ገንዘብ በዛሬው ኑሮ ለንፍሮና ለቡና እንኳ እንደማይበቃ አውቃለሁ። መቼም እኔም ተራቸው ከቀረበ ሰዎች አንዱ ነኝና ለቤተሰቤ ቢጨመርላቸው አልጠላም። ነገር ግን ኮሚቴው ሦስት ሰው መርጦ አንድ የዶሮ እርባታ አይታችሁ ኑ ብሎ ሲልክ አንደኛው እኔ ነበርኩ። ያየሁትን ሳልናገር እጄን ባወጣ ኅሊናዬ እሺ አይለኝም።

እርባታው የማን እንደሆነ አልናገርም። ሰውዬው በክብር ተቀብሎ፣ ቡና አፍልቶ፣ አንድም ነገር ሳይደብቅ ነው ያሳየን። ወጣት ነው፤ ተበድሮ ነው የጀመረው፤ የመኖ ዋጋ አናቱን ይዞታል። ክፉ ሰው አይደለም።

ቤቱ ንጹሕ ነው። የሽቦው ሣጥን፣ ባለሙያዎቹ ኬጅ የሚሉት፣ በሦስት ደረጃ ተደራርቧል። ኩሱ በሽቦው ቀዳዳ ወደ ታች ይወርዳል። ወለሉ ዘመም ያለ ስለሆነ እንቁላሉ እንደተጣለ ተንከባሎ ወደ ፊት ይወጣል፤ አይሰበርም፣ አይቆሽሽም። ዶሮዎቹ ኩሳቸውን ስለማይጭሩ ከኩስ የሚመጣው የአንጀት በሽታ ይቀንሳል አለን። ይህ እውነት ነው፤ ለኬጁ የሚነገርለት ጥቅም ውሸት አይደለም።

እኔ ደግሞ ከቦርሳዬ ሜትር አወጣሁና ለካሁ። የአንዱ ሣጥን ወለል 45 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። ቢሮ የምንጽፍበት ኤ ፎር ወረቀት 21 በ29 ነጥብ 7 ነው። አስልቼ ባየው የሣጥኑ ወለል ሦስት ወረቀት እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ አራት ዶሮ አለ። ለአንዲት ዶሮ የሚደርሳት የአንድ ወረቀት ሦስት አራተኛ አይሆንም ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ስደረድር ኖሬ፣ ነፍስ ያለው ነገር ከአንድ ወረቀት ባነሰ ቦታ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደግሞ ለአንድ ቀን አይደለም። በአራት ወሯ አካባቢ ትገባለች፤ ከዓመት በላይ ቆይታ ለሥጋ ስትሸጥ ነው የምትወጣው።

አንዲት ዶሮ ላይ ዐይኔ አረፈ። እንቁላሏ ደርሶ ትቁነጠነጣለች። አንገቷን በጓደኞቿ ሆድ ሥር ትወሽቃለች፣ ታወጣለች፣ ሽቦውን ትገፋለች። እናቶች ይህን ታውቃላችሁ፤ ቤታችን ያደገች ዶሮ ልትጥል ስትል ከአልጋ ሥር፣ ከእንቅብ ውስጥ፣ ከእንጨት ክምር ኋላ ትሸሸጋለች። ይህቺ የምትሸሸግበት የላትም። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲያ ስትል ቆይታ ቆማ ጣለችው። ላባዋ ከአንገቷ ሥር ተልጦ ቆዳው ይታያል። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከአርባ እስከ ስድሳ እንቁላል ብትጥል ነው፤ ይህቺ ሦስት መቶ ያህል ትጥላለች። የቅርፊቱ ኖራ ከየት ይመጣል? መኖው ሳይበቃት ሲቀር ከአጥንቷ ነው የምትሰጠው። በዚያ ላይ መራመድ ስለሌለ አጥንቷ እየሳሳ ይሄዳል፤ ለሽያጭ ሲያወጧት ክንፏ ወይም እግሯ የሚሰበርባት ስለዚህ ነው። ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ ሲባል እንስቅ ነበር። ይህቺ እንኳን ካራ ልታወጣ የምትጭረው አፈር የላትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም። የድሮው ሰው ደግ፣ የዛሬው ጨካኝ ነው ልል አይደለም የተነሣሁት። ወይፈን ስናኮላሽ ያለ ማደንዘዣ በእንጨት ቀጥቅጠን ነበር። በጋለ ብረት እንተኩስ ነበር። በግንቦት መኖ ሲያልቅ ላሟ ወድቃ በጅራቷ እያነሣን ነው ክረምትን የምታየው። ዛሬም ቢሆን ለበዓል ዶሮ እግሯን አስረን ዘቅዝቀን እንሸከማለን፤ በግ ከአውቶቡስ ጣራ ላይ ጠፍረን ከጎሐ ጽዮን እናመጣለን። ዘመናዊው ሙያ ደግሞ ያዳነውን አድኗል። በአጤ ምኒልክ ዘመን በክፉ ቀን የአገሩን ከብት የፈጀው የከብት ደስታ በሽታ በክትባት ተሸንፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ላይ መጥፋቱ ታውጇል። የቢሾፍቱው የክትባት ኢንስቲትዩት ባይኖር የስንቱ በረት ባዶ በቀረ።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? እኔ የገባኝ በራሴ ላም ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እናቴ ዳማ የምትባል ላም ነበረቻት። በቀን ሊትር ተኩል ብትሰጥ ነው፤ እሱንም ጥጃዋ ቀርቦ ካልላሰችው ወተቷን አትለቅም። ጥጃዋ የሞተ ጊዜ ቆዳውን ጭድ ሞልተን አጠገቧ አቁመን አታለልናት። አያችሁ፣ ያኔ ላም እንቢ ማለት ትችል ነበር። ሲነጋ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ትወጣለች፣ ሲመሽ በራሷ እግር ትመለሳለች። ክረምት ላይ ሜዳው ውኃ ይሞላል፤ ከመስከረም በኋላ ደግሞ ድርቆሹ ይታጨዳል። ያ ሜዳ ዛሬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እኛም ቤት የሠራነው በዚያው ላይ ነው። ላሞቹ ሊታሰሩ የቻሉት ሰው ስለከፋ ብቻ ሳይሆን የሚሄዱበት ስለጠፋ ነው።

የፈረንጅ ላም ወደ አገራችን በብዛት የገባው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 ያህል የፍሪዢያንና የብራውን ስዊስ ከብት ሰጠን። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ቃሊቲ ላይ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ተቋቋመና ክልስ ላም በየጓሮው ተዳረሰ። እኔም ደመወዜ አልበቃ ሲለኝ አንዲት ክልስ ጊደር ገዛሁ። ድርቆሽ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ከሰበታ ቢራ ፋብሪካ የሚመጣ አተላ እየበላች በደኅና ጊዜዋ 12 ሊትር ሰጠችኝ። ሁለት ልጆቼን ያስተማረችው እሷ ናት። ወንድ ጥጃ ስትወልድ በሳምንቱ እሸጠው ነበር፤ ወተቱን እንዳይጨርስብኝ። እሷ ጥጃ ሳታይም ወተቷን ትለቃለች፤ ለዚያ ነው የተመረጠችው።

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ባጭር ገመድ አስሬ አራት ዓመት አቆየኋት። ዱላ አላሳረፍኩባትም። አላስራብኳትም። እንዲያውም ጎረቤት ላሜን ከልጆቹ አስበልጦ ነው የሚያበላት ይል ነበር። በአራተኛው ዓመት ሸሆናዋ አድጎ እንደ አሮጌ ጫማ ወደ ላይ ተጣመመ። ጡቷ ማበጥ ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት መነሣት አቃታት። የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። ወጣቱ ሸሆናዋን ገልብጦ አየና፣ “አባባ፣ ይቺን ላም ለመጨረሻ ጊዜ የፈቷት መቼ ነው?” አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ብነግራችሁ፣ ገመዱን ከመቀየር በቀር ፈትቻት አላውቅም ነበር።

ለሥጋ ሸጥኳት። አይሱዙ ላይ በጣውላ እየጎተቱ ሲጭኗት ዐይኗን አላየሁም፤ ገንዘብ እየቆጠርኩ ነበር።

ከእርባታው ከተመለስን በኋላ ይህን ለልጄ ሳጫውተው በስልኩ ፈልጎ አንድ ነገር አነበበልኝ። እንግሊዝ አገር ሩት ሐሪሰን የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ እርባታ እንስሳት ኑሮ መጽሐፍ ጻፈች። ሕዝቡ ስለተቆጣ መንግሥታቸው ብራምቤል በሚባሉ ፕሮፌሰር የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ በ1965 ሪፖርት አስወጣ። ኮሚቴው እንስሳ ይቀማጠል አላለም። ቢያንስ ይቁም፣ ይተኛ፣ ይዙር፣ ገላውን ያጽዳ፣ እግርና ክንፉን ይዘርጋ ነው ያለው። አምስት ነገር። ደብተሬ ላይ ጻፍኩና ካየኋት ዶሮ ጋር አመሳከርኩ። መቆም ትችላለች። መተኛት፣ ሌሎቹ ከፈቀዱላት። መዞር በግፊያ። ክንፍ መዘርጋት በፍጹም። ከዚያ ብዕሩን ሳላስቀምጥ የራሴንም ላም አመሳከርኩ። መቆምና መተኛት ብቻ ነበራት፤ መዞር አልነበራትም።

ያን ዓይነት ጠባብ ሽቦ ስዊዘርላንድ ከ1992፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ከልክለውታል፤ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በኛ አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንስሳን ማሠቃየት ያስቀጣል ይላል፤ ግን ከሳሽ የሚነሣው አህያ መንገድ ላይ ሲደበደብ እንጂ ዶሮ በሽቦ ውስጥ ስትቆም አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ሕዝቡ እንዴት ጮኾ እንዳዘጋው ታስታውሳላችሁ። እኔም አብሬ ተቆጥቻለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ለአህያዋ የጮኽነው ስለማንበላት ነው። ለምንበላት ማን ይጩህ?

ይህ የፈረንጅ ትምህርት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። አባቶቻችን በሰንበት በሬ አይጠምዱም ነበር። የሙሴ ሕግ እህል የሚያበራየውን በሬ አፉን እንዳታስር ይላል። እስላም ወንድሞቻችንም ቢላዋ በእንስሳው ፊት እንዳይሳል ተምረዋል። ይህ ሁሉ ከሩት ሐሪሰን በፊት የነበረ ነው።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ቤቱ ይሠራ። ኬጁ ይቅር። አርባው ካሬ መሬቱ ላይ ሰጋቱራ ተነጥፎበት፣ ቆጥና መጣያ ሣጥን ተደርጎለት ለአንድ ካሬ ስድስት ዶሮ ቢሰላ 240 ዶሮ ይይዛል። ከ600 ወደ 240 ማለት ትርፉ ከግማሽ በታች ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ስል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማጉረምረም ይሰማኛል፤ ትክክል ነው፣ ገንዘቡ የሟች ቤተሰብ ገንዘብ ነውና ቀላል አድርጌ አላየውም። መሬት ላይ ያለ ዶሮ ሰጋቱራው ከረጠበ በሽታ ይይዘዋል፤ እርስ በርሱም ይናከሳል፤ የቆሸሸ እንቁላልም ይኖራል። በሱሉልታ ብርድና ዝናብ ደግሞ ሰጋቱራው በየቀኑ ካልተገለበጠ አይሆንም። ሠራተኛ ብንቀጥር ከቀረው ትርፍ ላይ ይወስድብናል።

ስለዚህ ሰጋቱራውን ጠዋት ጠዋት እኔ አገላብጣለሁ። ጡረተኛ ነኝ፣ ከዶሮ ጩኸት በፊት ነው የምነሣው፤ በዚህ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብልኝ። የጎደለውን ትርፍ ለመሙላት በየወሩ መዋጮ ላይ አሥር ብር ቢጨመር የሚደርስበትን ሒሳብ ከገንዘብ ያዣችን ጋር ሁለት ማታ ተቀምጠን ሠርተነዋል። ሁለቱም ሒሳብ፣ የ600ውም የ240ውም፣ ጎን ለጎን ተጽፏል። አሁን እሳቸው ያነቡላችኋል።