ጢስ በሸለቆ ውስጥ ስለ መታሰሩ የተሰጠ ንግግር



በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ አስቀድሞ የሚመታው በረባዳው ያለው ማሳ እንደ ሆነ፣ በዳገቱ ወገብ የተዘራው ግን ብዙ ጊዜ እንደሚተርፍ ለገበሬ የሚነገር አይደለም፤ እርሱ ራሱ ያውቀዋል። ልጅ ምክንያቱን ሲጠይቅ ግን «የቦታው ጠባይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰማይ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ላይ ትሰድዳለች። እርሷ ስትቀዘቅዝ የሚነካት አየርም ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይልቅ ከባድ ነውና እንደ ውሃ በተዳፋቱ ወርዶ ከሸለቆው ይተኛል። በወትሮው ወደ ላይ በወጡ መጠን ብርድ ይበረታል፤ በዚያች ሌሊት ግን ሥርዓቱ ተገልብጦ ሞቃቱ አየር ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ይሆናል።

ጢስም ወደ ላይ የሚወጣው በዙሪያው ካለው አየር ይልቅ ሞቃትና ቀላል ስለ ሆነ ነው። ከዚያ ከሞቃቱ አየር ሲደርስ መቅለሉ ያበቃል፤ ወደ ጎን ይዘረጋል እንጂ ከፍ አይልም። ሸለቆው ምጣድ፣ ሞቃቱ አየር አክንባሎ ሆነ ማለት ነው። የማገዶ ጢስ ብቻ ቢሆን ዓይን አቃጥሎ፣ ጕሮሮ ከርክሮ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ ይበተናል። አክንባሎው ሳይነሣ የሰነበተ እንደ ሆነ ምን እንደሚያደርስ ግን በአሜሪካ አገር በዶኖራ የሆነው ያስረዳል።

ዶኖራ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ከፒትስበርግ በስተ ደቡብ፣ የሞኖንጋሂላ ወንዝ እንደ ፈረስ ጫማ በሚታጠፍበት ስፍራ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በ1941 ዓ.ም. 14000 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። በወንዙ ዳር የብረት፣ የሽቦና የዚንክ ማቅለጫ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ የብዙው ሰው እንጀራ ከዚያ የሚገኝ ስለ ነበረ ሕዝቡ ጢሱን ለምዶታል። የጢስ መውጫዎቹ ቁመት በዙሪያው ካሉት ኮረብቶች ራስ አይደርስም ነበር።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1948) ነፋሱ ቆመ፤ ጭጋግም ሸለቆውን ሞላው። ጭጋጉ ፀሐይን ስለ ከለከለ ምድር አልሞቀችም፤ ምድርም ስላልሞቀች አክንባሎው አልተነሣም። ፋብሪካዎቹ እንደ ወትሮው ያነድዱ ነበርና የድኝ ጋዝና የብረታ ብረት ብናኝ ከጭጋጉ ጋር እየተቀላቀለ ቀን በቀን ወፈረ። ዓርብ ማታ የበዓል ሰልፍ ተደረገ፤ ቅዳሜም የኳስ ጨዋታ አልቀረም። ሰው የለመደውን ነገር ለመፍራት እንዴት እንደሚዘገይ ከዚህ ይታያል። በዚያው ሰዓት በየቤቱ ሽማግሎችና አስም ያለባቸው ትንፋሽ አጥተው ይታገሉ ነበር፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም በቀን ጨለማ መንገዱን በእጃቸው እየዳሰሱ ኦክሲጅን ተሸክመው ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። እሑድ ጥቅምት 21 ቀን የዚንኩ ፋብሪካ ሥራውን አቆመ፤ ዝናብም ጣለና አየሩ ተከፈተ። 20 ሰዎች ሞቱ፤ 6000 ያህል ታመሙ። ከሞቱት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ ልባቸው ወይም ሳንባቸው አስቀድሞ የደከመ ነበሩ። መንግሥቱ ነገሩን ካስመረመረ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ስለ አየር መበከል የመጀመሪያውን የአገር አቀፍ ሕግ አወጣ።

በኢትዮጵያ ደጋ እንዲህ ያለ ፋብሪካ የሌለው መንደር ብዙ ነው፤ ሸለቆውና ጥርት ያለው የበጋ ሌሊት ግን አለ። በክረምት ዝናቡ አየሩን ያጥበዋል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ይልቁንም በኅዳር፣ የማገዶውና የኩበቱ ጢስ ጧትና ማታ ከመንደሩ ላይ ይተኛል። ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ማቃጠልም በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው። ማጽዳቱ መልካም ነው፤ እሳቱ የሚነድበት ወራትና ሰዓት ግን ጢሱ መውጫ የሚያጣበት መሆኑን ሽማግሎች ሊያስቡበት ይገባል። ቅጠሉና ፍጉ ለጓሮ ቢቀበር ይሻላል፤ የግድ የሚቃጠለውም ቀትር እስኪሆን ቢቈይ ጢሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የሸክላ መተኰሻም ሆነ የከሰል ጕድጓድ ከትምህርት ቤት በላይ ባለው ተዳፋት እንዲሆን መፍቀድ አይገባም፤ የሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር ጢሱን ይዞ የሚወርደው ወደ ልጆቹ ነውና።

ይህንም ለማስተማር መሣሪያ አያስፈልግም። መምህሩ በኅዳር ጧት ፀሐይ ሳትወጣ ተማሪዎቹን ከኮረብታ ያውጣቸው። የየቤቱ ጢስ ጥቂት ከፍ ብሎ በአንድ መስመር ሲዘረጋ ያዩታል። መስመሩ ከየትኛው ዛፍ ወይም ከየትኛው ጣራ አጠገብ እንደሚያልፍ ምልክት ያድርጉ፤ ከበታቹ ያሉትንም ቤቶች ይቍጠሩ። በቀትርም ተመልሰው ያንኑ ጢስ ይመልከቱት።