የወር አበባ ሥርዐትና የመምህር ኀላፊነት


የወር አበባ በ28 ቀን ይመጣል የሚለውን ብቻ የተማረች ልጅ፥ የእርሷ በ40 ቀን ሲመጣ የታመመች ይመስላታል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ከአንጎል በታች ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ሆርሞን ስትልክ ዕንቍላል ይበስላል፤ ኤስትሮጅንም የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል። ዕንቍላሉ ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ሽፋኑን ለፅንስ ያሰናዳል፤ ፅንስ ካልተገኘ ሁለቱ ሆርሞኖች ይቀንሱና ሽፋኑ ከደም ጋር ይወርዳል።

ይህ ሥርዐት በልጃገረድ ሰውነት እስኪደላደል ጥቂት ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ21 እስከ 45 ቀን ቢለዋወጥ ደዌ አይደለም፤ ከ3 ወር በላይ ቢዘገይ ግን ለሐኪም መታየት ይገባል። መምህር ይህን አስቀድሞ ቢያስረዳ፥ ተማሪዋ ከፍርሃትና ከሐፍረት ድና በትምህርት ገበታዋ ትጸናለች።