ያልመጣውን ታካሚ ማን ይፈልገው?



አዘጋጆቹ «ስለ ደንበኞች አያያዝ ተናገሪልን» ሲሉኝ ለጊዜው ቅር ብሎኝ ነበር። በእኛ ሙያ ታካሚ እንጂ ደንበኛ አይባልማ። ቆይቼ ሳስበው ግን ደንበኛ ማለት እኮ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው። እኔ በምሠራበት በጋሞ ዞን የደም ግፊት፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ ታካሚዎቻችን ለዓመታት፣ ብዙዎቹም ዕድሜ ልካቸውን መመላለስ አለባቸው። ስለዚህ ቃሉን ተቀብዬዋለሁ።

እስቲ ደም ግፊት ያለበት አንድ የጨንቻ ሸማኔ አስቡ። ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ብርዱ ውስጥ ናት፤ አርባ ምንጭ ደግሞ ታች፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሙቀቱ ውስጥ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ዳገቱን ግን የሄደበት ያውቀዋል። ሰውየው የቀኑን ሽመና ትቶ፣ የመኪና ሒሳብ ከፍሎ መጥቶ ካርድ ክፍል ይሰለፋል። ካርዱ አልተገኘም። «ነገ ተመለስ» ይባላል። የት አድሮ? ደም ግፊት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አያሳምምም፤ ደህና ነኝ ብሎ ቤቱ ይቀራል። ከዓመት በኋላ አንድ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ልጆቹ ተሸክመውት ይመጣሉ። ያኔ ሁላችንም እንሯሯጣለን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን «ይሄ ሰው የት ደረሰ?» ያለ የለም።

እዚህ ባንክ የምትሠሩ አላችሁ። ከሒሳቤ 50 ብር ሲወጣ በደቂቃ ውስጥ ስልኬ ላይ መልእክት ይገባል። መድኃኒቱን ሦስት ወር ያልወሰደ ሰው ግን ማንም አይደውልለትም።

አሠራሩን አናውቀውም እንዳንል እናውቀዋለን። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ያ ክፍል የቀጠሮ መዝገብ አለው። የታካሚው ስልክ ይያዛል፤ የቅርብ ሰው ስልክም በፈቃዱ ይመዘገባል። በቀጠሮው ካልመጣ ይደወልለታል፤ ካልተገኘ ምስጢሩ ሳይወጣ ቤቱ ድረስ ይኬዳል። ከሚፈልጉት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ናቸው፤ መድኃኒቱ ለምን እንደሚሰለች ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። ሞት አፋፍ ላይ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ልጅ ድረው የምናየው በመድኃኒቱ ብቻ አይደለም፣ በዚያ ክትትልም ጭምር ነው።

ታዲያ ግድግዳ የሚጋራው የደም ግፊት ክፍል ለምን እንዲህ አልሆነም? የውጭ ገንዘብና የተለየ የሰው ኃይል ስለሌለው ነው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ምክንያት ሪፖርቱ ነው። የኤችአይቪው ክፍል ስንት ሰው እንደጠፋበት ሪፖርት ማድረግ ግዴታው ነበር። የደም ግፊቱን ክፍል ዛሬ ስንት ሰው እንዳየ እንጂ ስንት ሰው እንደቀረ አጥብቆ የጠየቀው አልነበረም። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ ግማሽ ቀን የሚመደብ አንድ ነርስና የሞባይል ካርድ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ይምጣ፤ («ሲስተም የለም» መባል ደግሞ ካርድ ከመጥፋት ብዙም አይሻልም!) ስልኩ የማይሠራውን ሰው ስም ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መላክ ይቻላል። እኛን ጅማ ቤት ለቤት ማንኳኳት ያስተማረችን ለዚህ አልነበረም እንዴ? ሲቢቲፒን የረሳ አለ?

ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም በነበረው የጤናው ዘርፍ ዕቅድ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ» የሚል ዓላማ ነበር። ሥልጠናውን ወስደናል፣ ፖስተሩንም ለጥፈናል። አልቃወመውም፤ ሆኖም ነገሩን ሁሉ የጠባይ ጉዳይ አደረግነው። በቀን 80 ሰው የምታይ ነርስ ፈገግ ብትልም የጠፋውን ካርድ አታገኘውም።

ጠባይ የሚወስንበት ቦታ ግን አለ። የቀይ አፈሩ የእግር እብጠት ያለበት የደጋ ሰው ሲገባ አንድ ሰው አፍንጫውን ከያዘ፣ ያ ታካሚ ዳግመኛ አይመጣም። ሳሙና፣ ውኃ፣ ቅባትና ጫማ ብዙ ሊረዳው ይችል ነበር። አንዲት እናትም በጋሞኛ «ሳሮ» ብሎ የሚቀበላት ስታገኝ የደበቀችውን ሕመም ሁሉ ታወጣዋለች፤ በአማርኛ ስትጠየቅ ግን «ደህና ነኝ» ብላ ነው የምትወጣው። አስተርጓሚው ደግሞ ብዙ ጊዜ የፅዳት ሠራተኛዋ ናት። ይህ በሥራ ዝርዝሯ ላይ የለም፣ ደመወዝም አይጨመርላትም።

ቅሬታም አለ። በጋሞ ዱቡሻ ላይ ቅር ያለው ሰው ቆሞ ይናገራል፣ ሽማግሌዎች ይሰሙታል፣ መልስም እዚያው ይሰጣል። እኛ ግን በየተቋማችን የሰቀልነው ቁልፉ የጠፋ የአስተያየት ሳጥን ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ገበሬው ቀድሞ ከፍሎ እንዲታከም ነው። የከፈለ ሰው «መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ» ሲባል ሳጥን ውስጥ ወረቀት አይጨምርም። ዝም ብሎ ይሄድና በዓመቱ አያድስም።

ከእናንተ የምፈልገው ነገር አለኝ። ሶፍትዌር የምትሠሩ፣ የቀጠሮ ማስታወሻ በጋሞኛ በድምፅ የሚደውል ነገር ልትሠሩልን ትችላላችሁ? ማንበብ ለማይችል ሰው የጽሑፍ መልእክት አይሆነውም። ሆስፒታል የምትመሩ ደግሞ፣ ሰኞ ስትገቡ ባለፈው ወር ከደም ግፊት ክፍል ስንት ሰው እንደቀረ ጠይቁ። ከሻይ በኋላ በሩ አጠገብ አለሁ፤ ደብተሩ እንዴት እንደሚሰመር ላሳያችሁ ይዤው መጥቻለሁ።